የታነቀው እሳት

ድንጋይ የሚፈልጡ ልጆች ሰባት ድጅኖ ጥለውልን ሄዱ። ጫፉ ዱልዱም ሆኗል፤ አሹሎ ማጠንከር ብቻ ነው። ለማታ ብያቸዋለሁ። የእንጨት ከሰሉ ግን አልቋል፤ የብረት ቀጥቃጭ ቤታችን አለቃ ጋሼም የሉም። ከጎረቤት አንድ ማዳበሪያ የድንጋይ ከሰል ተበደርኩ፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚያነደውን ዓይነት።

ምድጃውን ሞልቼ ንፋስ የሚነፋውን ብሎወር ለቀቅኩት። ወፍራም ቢጫ ጭስ ሰፈሩን ሞላው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ እያሳላት ወጣችና የማይጻፍ ነገር ተናገረችኝ። ጭሱ እስኪጠራ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም።

ሁለቱን አወጣሁ። ሦስተኛው ላይ የምድጃው መሀል ጠቆረ። ንፋስ ያነሰው መስሎኝ ብሎወሩን እስከ ጥግ ከፈትኩት። እሳቱ በአንድ ጎን ብቻ ነጭ ሆኖ ጮኸ፤ ድጅኖውን ስስበው እንደ ርችት ይንጣጣል። ጫፉ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል።

ጋሼ የደረሱት ያኔ ነው። ብረቱን ዞር ብለውም አላዩት።

«አንቀህ ይዘህ ብላ ትለዋለህ?» አሉና ብሎወሩን አጠፉት።

አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ መቆስቆሻውን ከታች ሰደው ሳህን የሚያህል፣ እንደ ጠርሙስ የቀለጠ ነገር ፈንቅለው አወጡ። አመዱ ቀልጦ ወርዶ የንፋሱን ቀዳዳ ደፍኖት ኖሯል። ንፋስ እየመታው ስትነካው እንደ ማር ይንሸራተታል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ደርቆ በአንዴ ይነሳል። ጋሼ በልጅነታቸው ባሌስትራ ቤት ሠርተዋል፤ ይህን ከሰል ያውቁታል።

ጥሬውን ከሰል ከመሀል አንስተው ዳር ዳሩን ከመሩት። እዚያ ጭሱን ጨርሶ ቀለል ይላል፤ ከዚያ ወደ መሀል ይገፋል። እሳቱ ወደ ጎን እንዳይሄድ ዳሩን ውኃ ረጩት። ድጅኖውን ቀዳዳው አፍ ላይ አላስጠጉትም፤ እዚያ ንፋሱ ራሱ ብረቱን ይበላዋል። አንድ ጭብጥ የሚያህል ፍም ከሥር፣ ትንሽ ደግሞ ከላይ። የብሎወሩን አፍ በቆርቆሮ ግማሽ ጋረዱት፤ ብረቱ መስፍ ላይ ሲሆን ደግሞ ጨርሶ ይዘጋል። እኔ ስቀጠቅጥም ሲነፋ ነበር የሚውለው! የቀሩትን አራቱን ጨርሰን እንኳ ማዳበሪያው ከግማሽ አልወረደም።

የተቃጠለውን አራት ጣት ያህል ቆርጠን እንደ አዲስ አሾልነው። ማታ ባለቤቱ ከጓደኛው ድጅኖ ጎን አቆመው።

«ይሄኛው አጠረ።»

ጋሼ እኔን አዩኝ። «የሱን አትክፈል» አሉት።

ቅዳሜ ሒሳቤን ስቀበል ጎድሎ አገኘሁት።