ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት ስዘረጋ

ከሥራ የተሰናበትኩበት ደብዳቤና የባለቤቴ የምርመራ ውጤት የመጡት በአንድ ሰሞን ነው። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለኝ ሰው አልጠፋም። ማወቁንስ ያውቃል፤ እኔን ያስቸገረኝ ሌሊት ላይ የሚቀሰቅሰኝ ስሌት ነበር። ኪራዩ በምን ይከፈላል? ሕክምናው ቢረዝምስ? የልጆቹ ትምህርትስ? አንዱን ጥያቄ ሳስተኛ ሌላው ይነቃል።

«አትጨነቁ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። በዚያ ሰሞን ግን መጨነቄ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ፤ እምነት ቢኖረኝ ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር እያልኩ እብሰለሰል ነበር። ሸክሙን ያቀለለልኝ የፊልጵስዩስን መልእክት በአንድ ቁጭታ ማንበቤ ነው፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ናት። በምዕራፍ 4 ቁጥር 6 «በአንዳች አትጨነቁ» ያለው ጳውሎስ እስረኛ እንደነበር ሰባኪዎች ደጋግመው ይነግሩናል። ብዙም የማይነገረው በምዕራፍ 2 ያለው ነው። ባልንጀራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ» እንዳይጨመርብኝ ለእኔም ብሎ ነው ይላል። የራሱ ኀዘን እንዲቀልለትም ሰውየውን ወደ ወገኖቹ ፈጥኖ ይልከዋል። እንግዲህ «አትጨነቁ» ያለን ሰው ልቡ የደነደነ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ ተለወጠ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲልክ፣ የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ተቀብሎ አነበበው፤ ወደ እግዚአብሔርም ቤት ወጥቶ በፊቱ ዘረጋው። እኔም ሁለቱን ወረቀቶች አልጋው ላይ ዘርግቼ ተንበረከክሁ፤ መስመር በመስመርም ጮክ ብዬ አነበብኋቸው። ቀኑ የተጻፈበት ቦታ ስደርስ «ከዚህ ቀን በኋላ ደመወዝ የለም፤ ፈርቻለሁ» አልሁ። ከውጤቱ ላይ ትርጉሙን የማላውቀው የሕክምና ቃል ነበር፤ እርሱንም እየተንተባተብሁ አነበብሁት። «ቤተሰቤን ጠብቅ» ብዬ በጅምላ ስጸልይ ሳለሁ ተነሥቼ እንደገና እጨነቅ ነበር። ስም እየጠራሁ ስናገር ግን ፍርሃቱ ልክ ኖረው፤ ያለቅጥ መስፋፋቱን ተወ።

ምስጋና ያቃተኝ ሌሊትም ነበር። ያን ጊዜ በመዝሙር 13 «እስከ መቼ» ብዬ ጮኽሁ። መዝሙር 88 ደግሞ ያለ አንዳች የደስታ መዝጊያ በጨለማ ያበቃል፤ እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ መካተቱ ከብዙ ማጽናኛ የበለጠ አጽናንቶኛል።

ለቀኑ አዋዋል የረዳኝ የመና ታሪክ ነው፤ ዘጸአት 16። ለነገ ብሎ ያስተረፈው ተልቶ ሸተተበት። ይሁን እንጂ ከሰንበት በቀር ማንም ቤቱ ተቀምጦ አልበላም፤ በየማለዳው ወጥቶ መልቀም ነበረበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሥራ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስልክ እደውላለሁ፣ የዕዳውን ነገር ከባለገንዘቡ ጋር ፊት ለፊት እነጋገራለሁ። ከመሸ በኋላ ግን ስሌት የለም። ሌሊት ሐሳብ ከመጣ በወረቀት ላይ አሰፍረውና ለጠዋት አቆየዋለሁ። በእግዚአብሔር መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚለውን ስብከት እስከ ዛሬ አልወደውም።

ሥራ ያገኘሁት ቆይቶ ነው፤ ደመወዙም ከቀድሞው ያንሳል። የባለቤቴ ክትትል አሁንም አላበቃም፤ አዲስ ውጤት በመጣ ቁጥር ያው ወረቀት አልጋው ላይ ይዘረጋል፤ አሁን የምናነበው ሁለታችን ነን።

በዚህ መንገድ ላይ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ኤልያስ ሞቱን በለመነበት በ1ኛ ነገሥት 19፣ መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ አበላው፤ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ እንደገና ቀስቅሶ አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በኮሬብ ነው። እንቅልፍ ማጣቴ ሲበረታ እኔም ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ ለአንድ ሽማግሌም ሁሉንም ነግሬ አብረን ጸልየናል። አንዱ የሌላውን ቦታ አልያዘብኝም።