ሥር አልይዝ ያለኝ ሽምብራ

ደምቢያ ላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቁሩ መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው፤ ገበሬው ከዚያ በኋላ ዝናብ እንኳ አይጠብቅለትም። ይህን የመሰለ ቻይ እህል ጎንደር ላይ ለማስተርስ ጽሑፌ ጠርሙስ ውስጥ ላበቅለው ስሞክር ግን እንደ ሕፃን ያስለቅሰኛል።

የጥራጥሬ ዘረመል ማሻሻል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ባዕድ ዘረመል ስለ ማስገባት ነው። በእኔ እይታ ከባዱ ሥራ እሱ አይደለም። አግሮባክቴሪየም የተባለው የአፈር ባክቴሪያ የራሱን ዘረመል ወደ ቆሰለ ተክል የማሻገር የተፈጥሮ ችሎታ ስላለው፣ ተመራማሪው የሚፈልገውን ዘረመል ጭኖ ይልከዋል። አስቸጋሪው ዘረመሉን ከተቀበሉት ጥቂት ሕዋሳት ሙሉ ተክል መልሶ ማግኘት ነው፤ እኔም የምሠራው ዘረመል ሳላስገባ ይህንኑ የማብቀል ክፍል ብቻ ነው።

ዘሩን በአልኮልና በበረኪና አጥቤ አሳድረዋለሁ፤ በማግሥቱ ልክ እንደ ሽሮ ክክ ለሁለት እከፍለውና ፅንሱ ከክኩ ጋር የተያያዘበትን ቦታ በስለት ቆርጬ፣ ቡቃያ የሚያስወጣው ሳይቶካይኒን የተባለ የተክል ሆርሞን ባለበት፣ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤቹ) 5.8 በሆነ ምግብ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቡቃያው በሳምንታት ውስጥ ተንዠርግጎ ይወጣል። ዘረመል በሚገባበት ሥራ ላይ ደግሞ ከዚህ ቡቃያ አንዱ ጎን ብቻ ተለውጦ ሌላው እንደነበረ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ዥንጉርጉር ቡቃያ አዲሱን ዘረመል ለዘሩ ላያወርስ ይችላል።

የእኔ ጣጣ ሥሩ ላይ ነው። ከአንድ መደርደሪያ ሙሉ ጠርሙስ ሥር ያወጡት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መብራት ጠፍቶ ክፍሉ የሞቀ ጊዜ ደግሞ እነሱንም ሻጋታ በላብኝ። የሽምብራ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ግራፍቲንግ ነው፦ የቡቃያውን ግርጌ እንደ ሹል እንጨት ቀርፆ፣ አናቱ በተቆረጠ ጤናማ ችግኝ ስንጥቅ ውስጥ መሰካት።

ልፋቱ ከንቱ አይደለም። ናይጄሪያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለገበሬ እንዲለቀቅ የፈቀደችው፣ አበባና ቆባ የሚበላውን ትል የሚቋቋም ላም አተር የተገኘው በአግሮባክቴሪየም ዘረመል አስገብቶ ተክሉን መልሶ በማብቀል ነው። የእኛን ሽምብራም ጓይ ትል እሸቱን እየበሳ ይጨርሰዋል። በእርግጥ እዚህ እንዲህ ያለውን ዘር ለመሞከር በአዋጅ ቁጥር 655/2001ና በማሻሻያው 896/2007 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥንቃቄውን አልቃወምም።

ትናንት አንዱን የተሰካ ቡቃያ የሸፈንኩበትን ላስቲክ ገለጥኩት። ስንጥቁ ጠግጓል፤ አናቱ ላይም ገና ያልተዘረጋ ቅጠል አለ።