የሚል ካርዱ
ዛሬ ፒያሳ ቆመን ማኪያቶ ጠጣን፤ ሦስት የስድስት ኪሎ ልጆች። በ1986 ነው የተመረቅነው። የልጆች፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወሬ... ቶሎ ቶሎ አለፍነው።

ከዚያ አንደኛው ከቦርሳው የሚል ካርዱን፣ በተማሪነታችን ምግብ ቤት የምንገባበትን፣ አወጣ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ፎቶው ላይ አንገቱ ክር አክሏል። ጀርባው ላይ በደበዘዘ ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ። አንድ መነጽር ለሦስት እየተቀባበልን አነበብነው፦ «ሁለት ብር አለብህ»።

የአራተኛችን የእጅ ጽሑፍ ነው። የግቢው ኬኔዲ ላይብረሪ እስኪዘጋ አብሮን አምሽቶ ይወጣ የነበረው ጓደኛችን። ካረፈ ስድስት ዓመቱ። ቀብሩ ላይ እንኳ ሦስታችንም አልነበርንም፤ ይሄ እስካሁን ያመኛል።

«ሳልከፍለው» አለ የካርዱ ባለቤት፣ ካርዱን በአውራ ጣቱ እያሻሸ።

አንድ ከተማ እየኖርን «እንገናኝ» ስንባባል ስንት ዓመት አለፈ! የአራተኛችን እናት ጉለሌ አሉ። እሁድ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።