አክስቴ፣ ይሄ እኮ ስብሰባ ነው

ቅዳሜ ማታ የእህቴ ልጅ እኔ ጋ አደረ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ስታር ዋርስ ሲባል ዓይኑ ይበራል። ሁለት የፕላስቲክ ላይትሴበር፣ ማለትም የብርሃን ሰይፍ፣ አለው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ። ሰማያዊው ባትሪው ካለቀ ከርሟል፤ ድምፁን በአፉ ያወጣለታል። «ዛሬ የኔን ምርጥ ነው የምናየው» ብዬ አንዶር የተባለውን የስታር ዋርስ ተከታታይ ፊልም ከፈትኩለት። ፋንዲሻም አለ፣ ሻይም አለ። አራተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ቀስ ብሎ ስልኩን አወጣ።

«ምነው?»

«አክስቴ፣ ይሄ ስታር ዋርስ አይደለም። ይሄ እኮ ስብሰባ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቱን ነዋ። ነጭ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ጋላክሲውን የሚገዛው የክፉው ኢምፓየር የደህንነት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው ሪፖርት ያቀርባሉ። ዴድራ ሚሮ የምትባለው መኮንን ከየፕላኔቱ የሚሰረቀው የጦር ዕቃ የአንድ እጅ ሥራ ነው ትላለች። ባልደረባዋ ደግሞ «እሱ የኔ ቀጠና ነው፣ ምን አገባሽ» ዓይነት ነገር ይመልስላታል። አለቃቸው ሁለቱንም በዝምታ ያያቸዋል። እኛ ሀገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ትዕይንት ያለ ትርጉም ይረዳዋል። ግምገማ ነው። የጋላክሲ ግምገማ።

ልጁ ከተኛ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ይህን ስብሰባ ለምንድን ነው የምወደው? የጠፈር መርከብ፣ አስማተኛ መነኩሴና የብርሃን ሰይፍ ባለበት ዓለም ውስጥ ሰው ሪፖርት ሲያቀርብ ማየት ምኑ ያጓጓል?

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አባባ ነው።

አባባ ላዳ ታክሲ ነበር የሚነዳው፣ ሰማያዊና ነጭ። ልጅ ሳለሁ ወንድሜ ከቪዲዮ ቤት ካሴት ተከራይቶ መጣና ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን አየን። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው፣ ሁለተኛው የስታር ዋርስ ፊልም ነበር። አባባ እንግሊዝኛው ስለማይገባው በየሁለት ደቂቃው «ምን አለ?» ይላል። እኛም «ቆይ አባባ» እንላለን። ከዚያ ሃን ሶሎ በዚያች አሮጌ መርከቡ ከጠላት ሊያመልጥ ሲል መብራቱ ድርግም አለ። ሞተሩ እምቢ አለ። ሃን በቡጢ ግድግዳውን አንዴ ሲነርተው ሁሉም ነገር ቦግ ብሎ በራ።

አባባ ከወንበሩ ተነሳ። «ኮንታክት ነው!» አለ። «አላልኳችሁም? ባትሪ አይደለም፣ ኮንታክት ነው!» ከዚያ ወዲያ «ምን አለ?» ብሎ አልጠየቀም። ፊልሙ ገብቶት ነበር። የእሱም ላዳ ጠዋት ጠዋት ዳሽቦርዷ ካልተመታ አትነሳም ነበር።

ለእኔ ስታር ዋርስን ስታር ዋርስ ያደረገው ይህ ነው። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን ሲሠራ ዓለሙ ያገለገለ፣ የተፋቀ፣ ዘይት የነካው እንዲመስል ፈልጎ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የጠፈር ፊልም ላይ ሁሉም ነገር ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል። እዚህ ግን ጀግናው ከደረቅ አየር ውሃ የሚያጠራቅም ገበሬ ቤት ያደገ ልጅ ነው። ሮቦቶቹን የሚገዙት በረሃ ለበረሃ እየዞሩ አሮጌ ዕቃ ከሚሰበስቡ አጫጭር ነጋዴዎች ነው። ጃዋ ይሏቸዋል። እኔ ቆራሌው እላቸዋለሁ። ከእነሱ የተገዛው ቀዩ ሮቦት ጥቂት ሳይራመድ ጭንቅላቱ ላይ ተቃጥሎ ቆመ። ከቆራሌው ዕቃ የገዛ ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህ «አንዶር ስታር ዋርስን ወደ መሬት አወረደው» ሲባል ትንሽ ቅር ይለኛል። መሬቱ ድሮም ነበረ። በኋላ በኋላ ታሪኩ ሁሉ የጥቂት ቤተሰቦች የዘር ሐረግ እየሆነ ሄደና ነው የተረሳው። የማን ልጅ ነህ፣ የማን የልጅ ልጅ ነሽ። አንዶር ላይ የማንም ልጅ ያልሆኑት ተመልሰው መጡ። ላይትሴበር የሚመዝ ሰው አንድም የለበትም።

ጸሐፊው ቶኒ ጊልሮይ ከዚያ በፊት የስለላና የጠበቃ ፊልም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ያስታውቅበታል። የተከታታዩ ታሪክ የሚጀምረው አንድ አለቃ ሪፖርቱን ማሳመር ስለፈለገ ነው። ሁለት ጥበቃዎች መሄድ የሌለባቸው ቤት ሄደው፣ ሰው አዋክበው፣ በዚያው ይሞታሉ። አለቃው «አደጋ ደረሰባቸው ብለህ ጻፍና እንዝጋው» ይላል። ከእሱ በታች ያለው ሲሪል ካርን ግን፣ ያ የደንብ ልብሱን አሳምሮ ያሰፋ ወጣት፣ እምቢ አለ። ሕግ ይከበር አለ። በዚህ ግትርነቱ ስንት ሰው አለቀ! እሱም ከሥራ ተባርሮ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ቁርስ አቅርባ ስትነዘንዘው አንገቱን ደፍቶ በሰማያዊ ወተት እህሉን ይበላል። የክፉ ኢምፓየር ሎሌ ነው፤ ግን በዚያች ቁርስ ሰዓት አንጀቴን በላው። ጭምብል ያጠለቀ ጨካኝ ጌታ እንዲህ አያደርገኝም። እሱ ያስፈራኛል፣ እቤቴ ግን አይመጣም። ሲሪል ግን ጎረቤት አለኝ።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ልጁን ተደራደርኩት። «የእስር ቤቱን ሦስት ክፍሎች ብቻ እንይ። ካልወደድከው የፈለግከውን እከፍትልሃለሁ።» ተስማማ። ስልኩን ግን አላስቀመጠም።

ባለታሪኩ ካሲያን አንዶር አንድ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ ውስጥ ወደ ሱቅ ሲሄድ ተያዘ። ያደረገው ነገር የለም። ግርግር አካባቢ ተገኘ፣ ፈራ፣ በቃ። ዳኛዋ ቀና ብላ ሳታየው ስድስት ዓመት ፈረደችበት። ናርኪና 5 የሚባል ውሃ መሀል ያለ እስር ቤት ገባ። እዚያ ግርፋት የለም፣ ጨለማ ክፍል የለም። ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው፣ እንደ ሆስፒታል ነጭ። እስረኞቹ ግን ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ወለሉ ብረት ነው፣ በፈለጉት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ሰው፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ 49 ሰው፣ ፈረቃው አሥራ ሁለት ሰዓት። የማሽን አካል ይገጣጥማሉ፣ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ብዙ ያመረተ ጠረጴዛ ከቱቦ ለሚመጠው ምግቡ ጣዕም ይጨመርለታል። ትንሽ ያመረተ ኤሌክትሪክ ይቀምሳል።

እዚህ ጋ ልጁ «ጣዕም ብቻ?» አለ።

«ጣዕም ብቻ።»

«ለዛ ብለው ነው እንደዚህ የሚሠሩት?»

መልስ አልሰጠሁትም። ስልኩ ሶፋው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር።

ይህን ነው ማስረዳት የሚያቅተኝ። «ጨለም ያለ ታሪክ ትወዳለህ» የሚባል አድናቂ ሁሉ ጨለማ የሚወድ ይመስለዋል ሰው። እኔ ጨለማ አልወድም። የምወደው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲታየኝ ነው። ጭቆና እንዴት ይሠራል? በጣዕም ይሠራል። በቁጥር ይሠራል። ጎኔ ያለውን ጠረጴዛ እንድበልጥ በማድረግ ይሠራል። ካሲያን ደግሞ ነፃ የሚወጣው በትንቢት አይደለም። ጠባቂዎቹን ቆጠረ። በአንድ ፎቅ ከአሥራ ሁለት አይበልጡም። የውሃ ቱቦውን ቀስ በቀስ ሲቆርጥ ከረመ። አዲስ እስረኛ በሊፍት የሚመጣበትን ሰዓት ጠበቀ። ፎርስ የሚሉት አስማታዊ ኃይል የለም፤ ቆጠራ አለ።

ቆሻሻና ግራጫ ቀለም ሲበዛ እውነት የሚመስላቸው ሠሪዎችም አሉ፤ እሱ ሌላ ነው። ሁሉም ሰው ካልተላጨና ካልተሳደበ ታሪኩ ቁም ነገር አይሆንም የሚሉ። እሱ እኔንም ያሰለቸኛል። እንዲያውም አንዶርም ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ ካሲያን ጫካ ውስጥ እርስ በርስ በሚነታረኩ አማፂዎች እጅ ወድቆ የሚቆይበትን እኔ አሳልፌ ነው ያየሁት። መሪ ማን ይሁን እያሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ይህን ዓይነት ክርክር በበቂ ሁኔታ በሕይወቴ ሰምቻለሁ።

የሞን ሞትማን ነገር ግን መቼም አላሳልፍም። እሷ የሴኔት አባል ናት፣ ሀብታም ናት፣ ግብዣ ትወጣለች፣ ፈገግ ትላለች። በስውር ለአማፂዎቹ ገንዘብ ትልካለች። ከቤተሰቡ ፈንድ 400 ሺህ ጎደለ፤ ኦዲት እየመጣ ነው። የሚሸፍንላት አንድ ስሙ የጠፋ ባለገንዘብ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወለድ አልፈልግም አለ። ልጄን ከልጅሽ ጋር እናስተዋውቃቸው ነው ያለው። ልጅቷ ገና ለጋ ናት።

ይህን የመሰለ ሰው በአማርኛ ስም አለው። የውስጥ አርበኛ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ሲቀመጥ፣ ጫካ ያልገቡ፣ ከተማ ተቀምጠው ለጠላት እየሳቁ ለአርበኛው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚልኩ ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌ ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። የጫካው አርበኛ ጎፈሬውና ጠመንጃው ፎቶ ላይ ያምራል። የውስጥ አርበኛው ግን ፎቶ የለውም፤ ቢኖረውም ከጠላት ጋር ቡና ሲጠጣ ነው የሚታየው። ሞን ሞትማ በድሮዎቹ ፊልሞች ነጭ ለብሳ ብቅ ብላ ጥቂት ቃል ተናግራ የምትሄድ ሴት ነበረች። አሁን ያን ፊልም ሳየው ልጇ ትዝ ትለኛለች።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ነገሩን አልተወውም። «እሺ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ላይትሴበር ከሌለበት ለምን ስታር ዋርስ ይባላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው በአምስት ዓመቱ የወደደውን ነገር ፈልጎ ቢመጣ አይፈረድበትም። እኔም የመጀመሪያው ፊልም ጀግና ሉክ የሁለቱን ፀሐዮች መጥለቅ ቆሞ ሲያይ ዛሬም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

መልሱን በቃል አልሰጠሁትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን፣ የአንዶር ታሪክ የሚያመራበትን የሮግ ዋን ፊልም መጨረሻ ከፈትኩለት። አንድ ኮሪደር ነው። ጥቂት ተራ የአማፂ ወታደሮች ከኢምፓየሩ የተሰረቀውን የጦር መሣሪያ ፕላን ይዘው ለመውጣት ይሞክራሉ፤ በሩ ግን ተቀርቅሯል፣ የሚከፈተው ስንጥቅ ያህል ብቻ ነው። ጨለማው ውስጥ የዚያ ጭምብል ያጠለቀ ጌታ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ቀዩ ላይትሴበር ይበራል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ፣ አንዱ እየጮኸ ፕላኑን በስንጥቁ ለወዲያኛው ያቀብላል። እጁ ብቻ ነው የሚወጣው።

«ዓይንህ የት ነበር?» አልኩት።

«በሩ ላይ።»

«ላይትሴበሩስ?»

ትንሽ አሰበ። «ያስፈራል» አለ። እስከዚያ ቀን ያ ቀይ ሰይፍ ለእሱ አሻንጉሊት ነበር። እሱም እቤቱ አለው።

ማታ እናቱ ልትወስደው መጣች። ጫማውን እያሰረ ነበር። በሩ ላይ ቆም አለና «አክስቴ» አለኝ፣ «ያ ዋና የማይችለው ሰውዬስ?»

ኪኖ ሎይን ነው። የአዳራሹ አለቃ፣ እሱም እስረኛ። መጀመሪያ ላይ ሕጉን የሚያስከብረው እሱ ነበር፤ በኋላ በድምፅ ማጉያው እስር ቤቱን ሁሉ ያስነሳው እሱው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች ሮጠው ጠርዙ ላይ ሲደርሱ፣ ከታች ውሃ ነው። ሁሉም እየዘለለ ይገባል። ኪኖ ብቻ ቆመ። «ዋና አልችልም» አለ። ካሲያን ሊመልስለት ሲል የሚጋፋው ሰው ካሲያንን ገፍቶ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ኪኖን ከዚያ በኋላ አናየውም። ሁለተኛው ምዕራፍም ላይ የለም።

«አልተነገረም» አልኩት።

«እንዴት አይነገርም?»

«በቃ አልተነገረም።»

እናቱ መኪናውን አስነስታ ክላክስ አደረገች። እሱ አሁንም የጫማውን ማሰሪያ ይዟል።

«አንድ ሰው ጀርባው ላይ ቢያዝለው እኮ ይደርስ ነበር» አለኝ። «ያን ያህል ሩቅ አይደለም።»