ስድስት ሰው የሚያስተኛ መኪና

አር ቪ፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለውን የጉዞ መኪና፣ የሚሸጡ ሰዎች አንድ የሚወዷት አነጋገር አለቻቸው። «ስድስት ሰው ያስተኛል» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፣ ስድስት ሰው ይተኛበታል። እንዴት ሆኖ እንደሚነሳ ግን የሚነግራችሁ የለም። ቆጠራቸው ራስን እንጂ ወገብን አይጨምርም።

የእኛዋ አሮጌ ናት። እዚሁ ቨርጂንያ ውስጥ ጡረታ ከወጡ ባልና ሚስት ነው የገዛናት። ከሾፌሩ ወንበር በላይ እንደ ቆጥ የተሰቀለች መኝታ አለቻት፤ እሷን ልጆቹ ገና ያዩዋት ቀን ወረሷት። ከኋላ ደግሞ ደህና የሚባል አልጋ አለ። መሃል ላይ የምግብ ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ሁለት አግዳሚ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። ማታ ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጋችሁ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ታሳርፉታላችሁ። የመደገፊያ ትራሶቹን አንስታችሁ መሃሉን ትሞሉበታላችሁ። በቃ፣ አልጋ ሆነ። ስሙ እንኳ አልጋ ነው።

ይሄ ጠረጴዛ ጉዳይ የሆነብኝ አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ የከረሙ ጊዜ ነው። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር እናሳያቸው ብለን ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ተራራ ለተራራ ይሄዳል፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። በመሃሉ ከዓለት የተፈለፈለ ዋሻ አለ፣ የከፍታ ገደቡ 12 ጫማ ከ8 ኢንች። የኛ መኪና ያልፋል። ቢሆንም ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሁላችንም አንገታችንን ሰበር አደረግን፣ ልክ እሱ እንደሚረዳ።

የመኝታ ክርክሩ የተነሳው ቢግ ሜዶውስ የሚባለው የፓርኩ ካምፕ ደርሰን ሻይ እንደጠጣን ነው።

«እማማ፣ እርስዎ የኋላው አልጋ ላይ ነው የሚተኙት» አልኳቸው።

«የባልና የሚስት አልጋ ላይ? በል ተወኝ!»

«ኧረ እማማ፣ እዚህ አይመችዎትም።»

«ለአንድ ጎኔ ምን ቦታ ያንሰኛል? አፈር ስሆን፣ እዚህችው ልጋደም።»

ባለቤቴ ገብታ ገላገለችን። እናትና ልጅ ኋላ፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ። አማቴ ግን «አባወራ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር» እያሉ ሲያጉረመርሙ ቆዩ።

የመቀመጫ ትራስ ለምን መኝታ እንደማይሆን ያን ሌሊት በደንብ አየሁት። ሲቀመጡ ክብደት ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ፎሙ ጠንከር ብሎ ነው የሚሠራው። ሲተኙ ግን ትከሻና ዳሌ ትንሽ መስመጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ወገብ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ይሄ አንድ ነገር። ሌላው፣ የመደገፊያዎቹ ትራሶች ከመቀመጫዎቹ ይሳሳሉ። መሃል ላይ ሲገቡ ቦይ ይሠራሉ፣ ቦዩ ደግሞ በትክክል ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ዞር ባልኩ ቁጥር ትራሶቹ ተንሸራተው ይከፈታሉ። በክፍተቱ ብርድ ይገባል። የአንደኛዋ ዚፕ ደግሞ ወደ ላይ ዞራ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ጎኔን ስትነክሰኝ አደረች።

ብርዱም ቀላል አልነበረም። ቢግ ሜዶውስ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አማቴ ይሄን ሲሰሙ ሳቁ፤ አዲስ አበባ ከእጥፍ በላይ ነዋ። ግን የዚህ አገር ጥቅምት ሌላ ነው። ካምፑ ውስጥ የመብራት መስመር ስለሌለ የጋዝ ማሞቂያውም ማራገቢያውን በባትሪ ነው የሚያዞረው፣ ባትሪውን ደግሞ መቆጠብ አለባችሁ።

ጠዋት አማቴ ወጡና «እንዴት አደርክ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«ውሸትህን ነው። ወገብህን ይዘህ ነው የቆምከው።» ከዚያ የራሳቸውን አመጡ። «የኔም አልጋ አልጋ እንዳይመስልህ። ሲያሰምጠኝ ነው ያደረ። ተንከባልዬ ልጄ ላይ ልወድቅባት ነበር።»

አማቴ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በጠፍር አልጋ ላይ ነው። ጠፍር ሲላላ መሃሉ ይሰምጣል፤ ያኔ እንደገና ይወጠራል። ከዚያ በኋላ የመጣው የጥጥ ፍራሽ ሲጠቀጠቅ ደግሞ ፍራሽ አዳሹ ይጠራል። ጥጡ ግቢ ውስጥ ይዘረገፋል፣ በዱላ ይመታል፣ ይነፋል፣ ተመልሶ ይሰፋል። ለእሳቸው መኝታ የሚጠገን ነገር ነው። እኛ ሲያረጅ አውጥተን እንጥላለን። እዚያው ቆመው «ይሄ አዳሽ ነው የሚያስፈልገው» አሉና ፍራሹን ከጫፉ ብድግ አደረጉት።

ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ። ሻጋታ።

«ይሄን ፍራሽ ፀሐይ አሳይታችሁት ታውቃላችሁ?» እኔና ባለቤቴ ተያየን።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ሰው ተኝቶ ይተነፍሳል፣ ያልበዋልም። እርጥበቱ በፍራሹ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ያለው ኮምፔርሳቶ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ያለው ማሞቂያ የማይደርሰው የዕቃ ማስቀመጫ ነውና። ሙቅና ቀዝቃዛ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ማምለጫ የለውም። ቤት ያለው አልጋችን ከሥሩ አየር ስለሚያልፍበት ይሄ ችግር አይታየንም። ስንመለስ ቦታውን በኮምጣጤ አጥበን አደረቅነው፤ ኮምፔርሳቶውን በሳሳን፣ በላዩ ቀጫጭን ጣውላ አራርቀን ደረደርን። ፍራሹም አዲስ ተገዛ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው፦ የአር ቪ ኩዊን የሚሉት የፍራሽ መጠን ርዝመቱ 75 ኢንች ነው፣ የቤቱ 80። የቤት ፍራሽ ብትገዙ በሩ አይዘጋም።

ጠረጴዛው ግን ቀረ። ፎም ሳልገዛ በፊት ስለ መኪና ውስጥ እንቅልፍ የሚያውቅ ሰው ጋ ደወልኩ፣ ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ ጋ። በዚህ አገር ትራክ የሚነዳ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ሐበሻ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። «አንተ፣ የኛን በሕግ ነው የወሰኑልን!» አለኝ። እውነት ነው። የፌዴራሉ ደንብ የትራክ መኝታ ቢያንስ 75 ኢንች ርዝመትና 24 ኢንች ስፋት እንዲኖረው ያዛል፤ ፍራሹ ፎም ከሆነም ውፍረቱ ከ4 ኢንች እንዳያንስ። አንሶላና ብርድ ልብስ ሳይቀር ተጽፏል። ለቤተሰብ አር ቪ የጠረጴዛ አልጋ እንዲህ የተጨነቀለት አላየሁም።

ሜሞሪ ፎም ልግዛ ብዬ አማከርኩት። «ማሞቂያ አጥፍተህ የምታድር ከሆነ እንዳትሞክረው» አለ። ይሄ ፎም በ1966 ለናሳ ሥራ ነው የተፈለሰፈው፣ ለአውሮፕላን መቀመጫ። በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፤ በብርድ ደግሞ ይጠነክራል። ጓደኛዬ ክረምት ሚኒሶታ ላይ የገጠመውን ሲነግረኝ በሳቅ ነበር፦ መጀመሪያ ሲጋደምበት እንጨት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ የገላው ጉድጓድ።

ፎም የሚቆርጡ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ቁጥር ይነግሯችኋል፣ ሁለቱም በፓውንድ ስለሆነ ያደናግራል። አንደኛው ጥግግቱ ነው፣ ማለትም አንድ ኪዩቢክ ጫማ ስንት እንደሚመዝን። ይሄ ዕድሜውን ይነግራችኋል። 1.8 ፓውንዱ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይጠቀጠቃል፤ 2.5ቱ ይቆያል። ሁለተኛው ጥንካሬው ነው፣ ሩብ ያህል ለመጫን ስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚፈልግ። አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ጥግግቱ ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ሆኖም ድርቅ ያለ አለ። ሻጩ ዝም ብሎ «ምርጥ ነው» ካላችሁ ሁለቱንም ቁጥር ጠይቁት።

ከታች 3 ኢንች ጠንካራ፣ ከላይ 2 ኢንች ለስላሳ አድርገን በማጣበቂያ አገናኘነው። ከዚያ በላይ ቢወፍር ስንቀመጥ ጉልበታችን ጠረጴዛውን ይገፋል። የመደገፊያዎቹንም ውፍረት ከመቀመጫዎቹ እኩል አደረግን፣ ቦዩ እንዲጠፋ። ባለቤቴ ይሄን እስካሁን ይቅር አላለችኝም። መደገፊያው ስለወፈረ ስትበላ ወደ ጠረጴዛው ይገፋታል። ልክ ነች፣ ይገፋል። ግን እሷ ማታ እዚያ አትተኛም።

ፎሙን ለመቁረጥ፣ ለታንክስጊቪንግ በዓል የቱርክ ዶሮ የምንቆርጥበትን የኤሌክትሪክ ቢላዋ ተጠቀምን። አማቴ ፎሙን ጨምቀው ያዙልኝ፣ እኔ ቆረጥኩ። ከልብሱ በግማሽ ኢንች አስፍቶ መቁረጥ ነው ጥሩው። ሲገባ ልብሱን ይወጥረዋል፤ ማታ ሲደረደር ደግሞ ትራሶቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው ክፍተቱ ይዘጋል። ልብሱን አማቴ በእጃቸው ሰፉት። ዚፑን ከታች አደረጉት፣ ሳልነግራቸው።

ስፌት ከስፌት የሚገናኝበት ቦታ ያም ሆኖ ይሰማ ነበር። ገበያው ላይ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ስስ ንጣፍ አለ፣ ዋጋውም አይቀመስም። አማቴ ከሻንጣቸው ጋቢ አውጥተው አነጠፉበት። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ አይንሸራተትም፣ ላብ ይጠጣል፣ ጠዋት አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። በላዩ አንሶላ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ሌላው የማይረሳው ውሃ ልክ ነው። የቆምንበት መሬት ትንሽ ካዘነበለ ሌሊቱን ሙሉ ደም ወደ ጭንቅላት ነው። ጎማ ሥር የሚገባ ማስተካከያ አለን፤ ልጆቹ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አስቀምጠው «አባዬ፣ ትንሽ ወደፊት!» ይላሉ። ፍጹም ካልሆነ ራስጌው በኩል ከፍ ይበል።

እንደገና ስንወጣ አማቴ ሳያማክሩን ጠረጴዛው አልጋ ላይ ጋደም ብለው ጠበቁን። ብንለምን ብንሠራ አልነሳም አሉ። «የገዛ እጄ ሥራ ላይ ልተኛ እንጂ!» እኔ ወደ ኋላው አልጋ ተመለስኩ። ጠዋት ልጠይቃቸው ስመጣ ቀድመውኝ ተነስተው፣ አልጋውን አፍርሰው፣ ጠረጴዛውን መልሰው፣ ቡና አፍልተው ነበር።

ወደ አገር ቤት ሊመለሱ ሲሉ ቁርጥራጩን ፎም የት እንዳደረግኩት ጠየቁኝ። ጋራዥ ውስጥ ነበር፣ ልጥለው ያስቀመጥኩት። «ይሄን የመሰለ ስፖንጅ ይጣላል እንዴ?» ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው የተፈቀደላቸው። ፎም አይመዝንም፣ ቦታ ግን ይበላል። ለዘመድ የገዙትን ብርጭቆ ሁሉ በፎሙ ጠቅልለው ክፍተት ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቁት። አዲስ አበባ ደርሰው ሲደውሉ አንድም ብርጭቆ አልተሰበረም አሉ፤ ፎሙንም ለበረንዳው ወንበር ትራስ እያሰፉበት ነው።