አባባ የሚያዩዋቸው ልጆች

አባባን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ስወስዳቸው የተናገርኩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ይረሳሉ»። ሁለት ዓመት ያደናገረን ይኸው ቃል ነው።

ማታ ማታ ሳሎን ጥግ ላይ ትንንሽ ልጆች ያያሉ። «ለልጆቹ ዳቦ ስጫቸው እንጂ» ይሉኛል። አክስቴ ጠበል ይሻላል አለች፤ ሄድን። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አዘዘላቸው። በሦስተኛው ቀን ሰውነታቸው ግትር ብሎ ሲኒ ማንሳት አቃታቸው።

ነገሩ የተገለጠልን ሌላ ሐኪም መድኃኒቱን አስቁማ እኔንና እናቴን መጠየቅ ስትጀምር ነው። የያዘችው መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ከሚንግስና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። በመጀመሪያ 10 የጠባይ ለውጦች ነበሩት፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ተጨምረው 12 ሆነዋል። የሚጠየቀው አስታማሚው ነው፦ ይህ ከቀድሞ ጠባያቸው የተለየ ነው? ድግግሞሹ እስከ 4፣ ክብደቱ እስከ 3 ይሰጠውና ይባዛል።

«እንቅልፋቸውስ?» ስትለኝ «ደህና ይተኛሉ» አልኳት። እናቴ አላስጨረሰችኝም። «ምን ደህና! በሕልሙ እየተደባደበ ሲመታኝ አይደል ከዐሥር ዓመት በፊት አልጋ የለየሁት?» አለች። ሐኪሟ መጻፏን አቁማ ቀና አለች። እኔ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ብዬ የተውኩት ትልቁ ፍንጭ ነበር።

ሌዊ ቦዲ የሚባሉ የፕሮቲን ክምችቶች አንጎል ውስጥ ሲፈጠሩ በሚመጣው የመርሳት በሽታ ላይ እንዲህ ያለው እንቅልፍ ከመርሳቱ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ቁልጭ ያለ የሌለ ነገር ማየት፣ አንድ ቀን ንቁ ሌላ ቀን ፈዛዛ መሆን፣ የሰውነት መገተርም የዚሁ ምልክቶች ናቸው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት መድኃኒቶች ክፉኛ ሊጎዷቸው ይችላሉ። አልዛይመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የቅርቡን በመርሳት፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ በመጠየቅ ይጀምራል። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚያጠቃው የመርሳት በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጎልማሳነት ይመጣል፤ ጨዋው ሰው ይሉኝታ ያጣል፣ ለሰው አያዝንም፣ ጣፋጭ ይወዳል።

የመጠይቁ ቁጥር ብቻውን የበሽታውን ዓይነት አይለይም። የቱ ቀድሞ መጣ የሚለው ይበልጣል፤ ምርመራውም አለ። ለዚህ ነው ደብተር የያዝኩት። መጀመሪያ «ዛሬ ተረበሹ» እያልኩ ስጽፍ ምንም አልጠቀመም። ኋላ ግን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሁለት ልጆች አዩ፣ አልፈሩም። ረቡዕ ጠዋት ፈዘው ቆዩ፤ ከሰዓት ጋዜጣ አነበቡ።» ሐኪሟ ጣቷን ያሳረፈችው እዚህ መስመር ላይ ነው።

አሁን ዳቦ ስጫቸው ሲሉኝ አልከራከርም። «እሺ አባባ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው በሻይ ይበሉታል።