የብሪጂት ዋዜማ፣ በቄጠማና በቅቤ

ጥር 23፣ ማታ

ነገ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 1 ነው። አየርላንዶች የቅድስት ብሪጂትን ቀን ያከብራሉ፤ በራሳቸው ቋንቋ "ላ ኤላ ብሪጀ" ይሉታል። በድሮው አቆጣጠራቸው ጸደይ የሚገባው በዚህ ዕለት ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ሥራ ይዘጋል፤ የሚዘጋው ግን በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነው (ዕለቱ ዓርብ ላይ ሲውል ዓርቡኑ)። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰኞን ሲጠብቅ የበዓሉ ዋና ነገር ያመልጠዋል። ዋናው ዛሬ ማታ፣ ዋዜማው ነው። ቄጠማው ቤት የሚገባው፣ መስቀሉ የሚጎነጎነው፣ ጨርቁ ውጭ የሚያድረው ዛሬ ነው።

አፈ ታሪኩ ለልጅ የተመቸ ነው። ብሪጂት ሊሞት ካጣጣረ አንድ አረማዊ አለቃ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ፣ ወለሉ ላይ ከተጎዘጎዘው ቄጠማ አንሥታ መስቀል ትጎነጉናለች። ምን እየሠራች እንደሆነ ሲጠይቃት ታስረዳዋለች፤ እሱም ሳይሞት አምኖ ይጠመቃል። በበዓል ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ያየ የሐበሻ ልጅ "ለምን ወለል ላይ?" ብሎ አይጠይቅም።

የእነሱ ቄጠማ ግን ከእኛው ይለያል። የእኛው አገዳ ባለሦስት ማዕዘን ነው፤ የእነሱ ድቡልቡልና ልሙጥ ሆኖ፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የላላ ነጭ ነገር አለው። አንጓ ካያችሁበት ሸምበቆ ነውና ተዉት፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። የሚበቅለው ውኃ በሚተኛበት መስክና በቦይ ዳር ስለሆነ ቦት ጫማ የግድ ነው፤ ሕፃን ልጅም ቦይ አጠገብ እጁ አይለቀቅም። መሬቱ የገበሬ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። በዚህ ሰሞን ደብሊን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነውና፣ ከምሳ በኋላ ወዲያው መውጣት ይሻላል።

ወጉ ቄጠማው እንዲነቀል እንጂ እንዲታጨድ አይወድም። ይህ ለልጆች መልካም ሆኖላቸዋል፤ ስለት የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም። አንዷን ዘለላ ከሥሯ ጠጋ ብለው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ሲስቧት፣ ነጩ ጫፏ ተንሸራትቶ ይወጣል። በጭብጥ ሙሉ የሚጎትት ልጅ ግማሹን ይበጥሳል፣ መዳፉንም ያስቆርጣል። ለአንድ መስቀል 13 ዘለላ ይበቃል፤ የሚሰበር ስለማይጠፋ 20 ንቀሉ። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ አምጡት፤ ከደረቀ አይታጠፍም።

ቤት ስትገቡ ነጩን ሥር ቆርጣችሁ ጣሉና ሁሉንም በ30 ሳንቲ ሜትር አስተካክሉ። ከአንዱ በቀር የሌሎቹን መሃል በጥፍር ደፍጠጥ አድርጉት፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ያልተደፈጠጠውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ሁለተኛውን ከመሃሉ አጥፋችሁ የቆመውን ወገቡ ላይ እቀፉበት፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ቀኝ ይሁኑ። አሁን ሁሉንም በአንድነት ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙሩት፤ ወደ ቀኝ ያይ የነበረው ወደ ላይ ይቆማል። ሦስተኛውን አጥፋችሁ ወደ ላይ የቆሙትን እቀፉበት፤ ጫፉ አሁንም ወደ ቀኝ። እንደገና አዙሩ፣ እንደገና እቀፉ። አዲሱ ሁልጊዜ የፊተኛውን ጠብቆ ይይዛል። 12ቱ የታጠፉት ሲያልቁ እያንዳንዱ ክንድ ሦስት ጊዜ ይደርሰዋል። የሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ጎንጉኖ የሚያውቅ እጅ ይህን ቶሎ ይላመደዋል።

የሚበላሽበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው መሃሉን መልቀቅ ነው፤ አንዴ ከላላ ፈትቶ ከመጀመር በቀር መፍትሔ የለውም። ሁለተኛው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ማዞር ነው፤ ያኔ ክንዱ ያለቦታው ይወጣና የሚይዘው ያጣል። ልጁ በሚያዞርበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ቀስት ብትሥሉለት ስሕተቱ ይቀራል። ጫፎቹ መጀመሪያ በላስቲክ ይታሰራሉ፤ ቄጠማው ሲደርቅ ስለሚከሳ ክር ብቻውን ይላላል። ከሳምንት በኋላ ላስቲኩን አውጥታችሁ በክር አጥብቃችሁ እሰሩ። ማሞቂያ አጠገብ አታድርቁት፤ ይጣመማል። አረንጓዴው ወደ ገለባ ቀለም መለወጡ ግን ደንቡ ነው።

ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ መጎንጎኑ ይከብዳል። ሥራው "ያዥ" መሆን ነው፤ መሃሉን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፣ ያለሱ መስቀሉ አይቆምም። አምስት ዓመት ያለፈው ማዞሩንና ማቀፉን ይችላል። በወረቀት ተክቶ መሥራትን አልደግፍም። ልጁ የሚያስታውሰው የእርጥቡን ቄጠማ ሽታ ነው። ላስቲኩ ግን ሕፃን እጅ አይግባ፤ ይዋጣል።

ቄጠማው ቤት ሲገባም ወግ አለው። ድሮ ከቤቱ ሴቶች ልጆች አንዷ ብሪጂትን ሆና፣ ቄጠማውን ታቅፋ ደጅ ትቆምና "ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ብሪጂትንም አስገቡ" ትላለች። ውስጥ ያሉት "እንኳን ደህና መጣች" እያሉ ይቀበሏታል። ልጆች ካሉ በየተራ ደጁን ያንኳኩ፤ አንዱ ብቻ ካንኳኳ ማልቀስ ይከተላል።

ለእራት ድንችና ቅቤ ነው። ብሪጂት የወተትና የቅቤ ቅድስት ናትና ቅቤውን ልጆች ይናጡት። 300 ሚሊ ሊትር ያልቆየ ክሬም ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ፣ ከግማሽ ሳያልፍ። ከሞላ አይናጥም። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሲናጥ ድምፁ መጀመሪያ ይጠፋል፤ ልጁ ተበላሸ ብሎ የሚተወው እዚያ ላይ ነው። ጥቂት ሲቀጥል ድንገት ይንቦጫረቃል፤ ቅቤው ከአሬራው ተለየ ማለት ነው። አሬራው ይቀዳና ቅቤው ውኃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ አሬራ የቀረበት ቅቤ ቶሎ ይኮመጥጣል።

የመጨረሻው ጨርቁ ነው፤ "ብራት ብሪጀ"፣ የብሪጂት ካባ። አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ወይም ጥብጣብ ቁጥቋጦ ላይ ታድራለች፤ ብሪጂት በሌሊት ስታልፍ ትባርካታለች ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ራሱን ለታመመ፣ ጉሮሮው ለቆሰለ ትታሰርለታለች። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ቀለም ይሁን። የክረምቱ ንፋስ ይዟት እንዳይሄድ በሁለት ቋጠሮ እሰሯት። ጠዋት እርጥብ ሆና ስለምትገኝ፣ ሳትደርቅ ታጥፋ መሳቢያ ከገባች ትሻግታለች፤ ወንበር ላይ ተዘርግታ ትዋል።